የሚንገጫገጭ ባቡር ኤሌክትሪክ ይሰጣልን?

አንባቢዎች ሆይ፤ በባቡር ስትጓዙ መጽሐፍ ገልጣችሁ እንደ ሆነ፣ ፊደሉ ከዓይናችሁ ፊት ሲዘል ሳታዩ አልቀራችሁም። ሰውነታችን ንዝረትን ሁሉ በአንድ ዓይነት አይቀበለውም፤ ይልቁንም ከላይ ወደ ታች በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው አብልጦ ያስቸግረዋል። የሠረገላ መሐንዲሶች ብዙ የሚደክሙትም ይህን ለማብረድ ነው።

ለዚሁ ሲባል በመንኰራኩሩና በሠረገላው መካከል ሁለት ነገሮች ይገባሉ፤ ሞላና ሾክ አብዞርበር። ሞላው ግፊቱን ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል እንጂ አያጠፋውም፤ ብቻውን ቢተው ሠረገላው አንዴ ከተነሣ በኋላ ብዙ ጊዜ ሲወዛወዝ ይቈይ ነበር። ግፊቱን የሚያጠፋው ሾክ አብዞርበሩ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ወደ አየር ይበተናል። ያ ሙቀት ከየት መጣ ቢባል፣ ምንጩ ባቡሩን የሚጐትተው ሞተር ነው። እንግዲህ በገንዘብ የተገዛ ኃይል ሐዲዱ ባልተስተካከለበት ስፍራ ሁሉ ጥቂት በጥቂት ለነፋስ ይሰጣል ማለት ነው።

በዘይቱ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ጥቅልና ማግኔት ቢገባስ? ማይክል ፋራዴይ በ1831 ዓ.ም. እንዳሳየው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የሚቈጠረው እንደ ፈረንጆች ነው) ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲመላለስ ኤሌክትሪክ ይገኛል። ተማሪዎች ይህን ከፊዚክስ ትምህርታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የነገሩ ሁለተኛ ወገን ነው። ዲናሞ ያለው ብስክሌት የነዳ ሰው፣ መብራቱን ሲያበራ ፔዳሉ እንደሚከብደው ያውቃል። ኤሌክትሪኩ ሲቀዳ፣ የሚቀዳበትን እንቅስቃሴ ይቃወማልና። በባቡሩም እንዲሁ ነው፤ ሽቦው ከአምፑል ወይም ከባትሪ ጋር ሲገናኝ ማግኔቱ እንደ ልቡ መመላለስ ይሳነዋል፤ ሠረገላውም ይረጋል። ስለዚህ ምቾቱና ኤሌክትሪኩ የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም፤ መቅዳቱ ራሱ ማብረድ ነው። እኔን ከዚህ ጥበብ ደስ ያሰኘኝ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ስምምነቱ ፍጹም አይደለም። ኤሌክትሪክ ብቻ የሚፈልግ መሐንዲስ ብዙ ንዝረት ይመኛል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ጭራሽ እንዳይኖር ይሻል። ብዙ ኤሌክትሪክ የሚገኝበት ልክና ሠረገላው ደኅና አድርጎ የሚረጋበት ልክ ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። በእኔ አስተያየት ሰው በተቀመጠበት ሠረገላ ውስጥ ምቾት ጌታ፣ ኤሌክትሪክ አሽከር መሆን አለበት።

መጠኑስ ምን ያህል ነው? ለግምት ያህል ከመኪና እንነሣ። አውዲ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ይህንኑ አሳብ በመኪና ላይ ሞክሮ በ2016 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ በአማካይ የተገኘው ከ100 እስከ 150 ዋት ነበር። አዲስ በተነጠፈ አውራ ጐዳና ላይ 3 ዋት ብቻ፣ በተጐሳቈለ መንገድ ላይ ግን 613 ዋት ተገኘ። (እንዲያስ ከሆነ ሐዲዱን ሳንጠግን እንተወው የሚል ብልጥ አይጠፋም፤ እርሱ ቤቱን አቃጥሎ እሳት የሚሞቅ ሰው ነው።) የፈጣን ባቡር ሞተሮች ግን ሚሊዮን ዋቶች ይጠይቃሉ። ስለዚህ ባቡር በገዛ ራሱ መንገጫገጭ ይሄዳል የሚላችሁን አትመኑት።

እውነተኛው ጥቅም ሽቦ በማይደርስበት ስፍራ ነው። የዕቃ ፉርጎ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ኤሌክትሪክ የለውም፤ በዚህም ምክንያት ሕመሙን የሚናገርበት አንደበት የለውም። የካቲት ወር በገባ በ3ኛው ቀን 2023 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በኢስት ፓለስታይን ከተማ 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ። መርዛም ኬሚካል የጫኑ ነበሩባቸውና ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። መነሻው የአንድ መንኰራኩር ኩሽኔታ ከመጠን በላይ መጋሉ ነበር። በሐዲዱ ዳር የተተከለው ሙቀት መለኪያ፣ ኩሽኔታው ከአካባቢው አየር 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ አገኘው። የሚቀጥለው መለኪያ የነበረው 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ብልጫው 140 ገደማ ሆነ። ማስጠንቀቂያው የተሰማው ያን ጊዜ ነው፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ከሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. የተወለደው ፐርፔቱም የተባለ ድርጅት መለኪያውን ከሐዲዱ ዳር አንሥቶ ከመንኰራኩሩ አጠገብ አሰረው። መሣሪያው የሚቀዳው የአንድ ዋት ሽራፊ ነው፤ ለተሳፋሪው ወገብ የሚጨምረው ዕረፍትም የለም። ነገር ግን መንኰራኩሩ በነዘረ ቍጥር ይመገባል፤ ባትሪ ለውጡልኝ አይልም፤ የኩሽኔታውን ሙቀትና ንዝረት እየለካ፣ ባቡሩ ገና በመንገድ ላይ ሳለ፣ በሬዲዮ ለጠጋኞቹ ይልካል።