ባለቤቱ ስለተናገረ ብቻ እውነት ይሆናል?

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር ጽሑፍ ኮርስ ያስገባሁት ሥራ ከነቀይ እስክሪብቶው ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አንድ የቀድሞ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጅ አነጋግሬ፣ የነገሩኝን ሁሉ አሳምሬ ነበር የጻፍኩት። በከተማቸው ለጀማሪ ባንዶች መጀመሪያ በር የከፈቱት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ፤ እኔም እንደወረደ ጻፍኩት። መምህራችን ከአንቀጹ ጎን ያሰፈሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ማስረጃ?» ተናደድኩ። ባለጉዳዩ ራሳቸው ተናግረው፣ የተቀዳው ድምፃቸው እጄ ላይ እያለ ሌላ ምን ማስረጃ አለ?

ንዴቴ የበረደው ስለ «አሜሪካን ባንድስታንድ» ሳነብ ነው። እንደ እኔ ወሬውን በሩቅ ለሚሰማ ሰው ትንሽ ላብራራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮግራሙ በ1952 በፊላደልፊያ ከተማ ደብሊው ኤፍ አይ ኤል በተባለ ጣቢያ የተጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አቅራቢ ቦብ ሆርን ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደ ስቱዲዮው ይመጣሉ፣ ሸክላ ይከፈታል፣ እነሱ ይጨፍራሉ፣ ካሜራው ይቀርጻል። የተጋበዘው ዘፋኝም ቢሆን በሸክላው ላይ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘፍንም። ለአዲስ ዘፈን ከ35 እስከ 98 ነጥብ የሚሰጡትም እነዚያው ወጣቶች ናቸው። እንግዲህ ለጣቢያው ከዚህ የረከሰ ፕሮግራም የት ይገኛል? በ1956 ዲክ ክላርክ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት አቅራቢነቱን ተረከበ። ኦገስት 5 ቀን 1957 ደግሞ ኤቢሲ ለመላው አገር ማሰራጨት ጀመረ፤ ፕሮግራሙም እስከ 1989 ዘለቀ።

ክላርክ በስተርጅናው ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። ፕሮግራሙን እንደያዘ በሃምሳዎቹ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ወጣቶችን በአንድ ስቱዲዮ እንዳስጨፈረ ይናገር ነበር። ጋዜጦችም ተቀብለው አስተጋቡለት። ሰውየው ታዋቂ ነው፣ ትሁት ነው፣ በቦታውም ነበር። ማን ይጠይቀዋል?

የጠየቀው ማቲው ዴልሞንት የተባለ የታሪክ ተመራማሪ ነው። ክላርክ በሞተበት ዓመት በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፕሮግራሙ በፊላደልፊያ በቆየባቸው ዓመታት የአካባቢውን ጥቁር ወጣቶች በተግባር ያገልል እንደነበር አሳየ። «ጥቁር አይገባም» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ አልተለጠፈም። ግን መግቢያ ለማግኘት አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ስምና አድራሻ አለ። ማን ከየትኛው ሰፈር እንደጻፈ ለማወቅ ሌላ ምን ያስፈልጋል! ዋልተር ፓልመር የተባለ የዚያን ጊዜ ወጣት ይህን ነቅቶበት፣ ከጓደኞቹ ጋር የአየርላንድ፣ የጣሊያንና የፖላንድ ስም እየጻፉ መግቢያ ይጠይቁ ነበር። ስቱዲዮው እኮ ያለው ዌስት ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ብዙ ጥቁሮች በሚኖሩበት አካባቢ ነው።

እኔን የገረመኝ ማስረጃው የተገኘበት ቦታ ነው። የጥቁሮቹ ጋዜጣ «ፊላደልፊያ ትሪቡን» ነገሩን በዚያው በ1957 ዘግቦታል! ሃምሳ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ዘመን የቀሩት ፎቶግራፎችም አሉ፤ ዳንሱን ትተን ፊቶቹን ብናይ ነጭ በነጭ ነው። እኛ በፎቶ ጋዜጠኝነት ክፍል ስለ ብርሃንና ስለ ቅንብር ብዙ እንማራለን፣ በምስሉ ውስጥ ማን እንደሌለ ለማየት ግን ያን ያህል አንለማመድም።

ክላርክን ክፉ ሰው ለማድረግ አይደለም። ቻክ ቤሪን የመሳሰሉ ጥቁር ሙዚቀኞች በእሱ ፕሮግራም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ታይተዋል፤ ቸቢ ቼከርም በ1960 «ትዊስት»ን ለአገር ያስተዋወቀው በክላርክ መድረክ ነው። ዘመኑም ቀላል አልነበረም። በዚያው በ1957፣ በዚያው በኤቢሲ፣ የአለን ፍሪድ «ዘ ቢግ ቢት» የተሰረዘው ጥቁሩ ዘፋኝ ፍራንኪ ላይመን ከአንዲት ነጭ ልጅ ጋር ሲጨፍር ከታየ በኋላ ነው። የደቡብ ጣቢያዎች ተቆጡ፣ አለቀ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አገር አቀፍ የሆነው ባንድስታንድ ከዚህ ትምህርት አልወሰደም ማለት ይከብዳል። ጣቢያው አስተዋዋቂዎቹን ላለማስቀየም በሩን ጠበቅ አደረገ።

ይህን ሳነሳ አንድ የክፍሌ ልጅ «ታዲያ ሰውየው ሞቷል፣ ራሱን ትንሽ ቢያመሰግን ማንን ይጎዳል?» አለኝ። የሚጎዳውማ በር ላይ የተመለሰውን ልጅ ነው። በሩ ክፍት ነበር ካልን እነዚያ ልጆች ያልመጡት ስላልፈለጉ ነው ማለታችን ነው። ሚች ቶማስንም ይጎዳል። እሱ ከ1955 እስከ 1958 ከዴላዌር ግዛት፣ ከዊልሚንግተን ከተማ ለጥቁር ወጣቶች የዳንስ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። የባንድስታንድ ነጭ ልጆች እሱን እያዩ «ስትሮል» የሚባለውን ዳንስ ቀድተው በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ጨፈሩት፤ ዳንሱም የነሱ መሰለ። ዛሬ ስለ ሚች ቶማስ ያለን በአመዛኙ ሰዎች የሚያስታውሱትና ጋዜጦች የጻፉት ነው።

እዚህ ላይ ራሴን መጠየቄ አልቀረም። ዴልሞንትም እኮ ሰዎችን አነጋግሯል፣ የፓልመርም ቃል ትዝታ ነው። የክላርክን ትዝታ ጥለን የፓልመርን የምናምነው ለምንድን ነው? ለእኔ መልሱ የፓልመር ትዝታ ከዘመኑ ጋዜጣና ከፎቶግራፎቹ ጋር ሲገጥም የክላርክ አለመግጠሙ ነው። ደግሞም በሩን የያዘው ሰውና በሩ የተዘጋበት ሰው አንድን በር እኩል አያስታውሱትም። ስለዚህ በዲፓርትመንታችን «የመጀመሪያው»፣ «በር ከፋቹ» የሚል ፊቸር ስንጽፍ፣ ከበሩ ውጭ ከነበሩት ቢያንስ አንድ ሰው ካልተናገረ ባይታረም፣ ባይታተምም ይሻላል ባይ ነኝ። የማስረከቢያ ቀን እንደሚያጥር አውቃለሁ። እኔም ያን ጊዜ ያመካኘሁት በሱ ነው።

ፊቸሬን እንደገና እየጻፍኩት ነው። አዘጋጁ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እስካሁን ውሸት መሆኑን የሚያሳይ አንድም ነገር አላገኘሁም። በዚያ ዘመን ለፕሮግራሙ አመልክቶ ያልተቀበሉት ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ አንድ አባት ግን አግኝቻለሁ። ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀጥረውኛል።