ቀመሩ እዚያው በሚጻፍበት ይታይ

በሰነድ ማቀናበሪያው በላቴክ የሚጽፍ የሒሳብ ሰው የሚተይበው ቀመሩን ሳይሆን የቀመሩን ትእዛዝ ነው። ክፍልፋዩም ሥሩም በፊደልና በቅንፍ ይገለጻል፤ መልኩ የሚታየው ፋይሉ ከተቀናበረ በኋላ ነው። ልማዱ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጡት ከቴክ የተወረሰ ነው። ዛሬ ግን ቀመሩን እዚያው በሚተየብበት መስኮት አቀናብረው የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ፤ በኢማክስ ፕሪቪው-ላቴክ፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ደግሞ ላቴክ ዎርክሾፕ። እነዚህን እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ለትክክለኛነት የግድ ያስፈልጋሉ እላለሁ።

ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር ላቴክ ራሱ ይናገራል። የሚያሰጋው ዝም ብሎ የሚያልፈው ስሕተት ነው። አሥር ሁለቶች ሲባዙ 1024 ይሆናሉ፤ ይህን በአጭሩ ለመጻፍ ከ2 ራስጌ ትንሽ 10 ይቀመጣል። ጸሐፊው 10ን በጥምዝ ቅንፍ ማቀፍ ከረሳ ግን ላቴክ 1ን ብቻ ወደ ላይ ያወጣና 0ን መስመሩ ላይ ይተዋታል፤ ማስጠንቀቂያ የለም። ታህቱ 2 ሲደመር 3 የሆነ ክፍልፋይም እንዲሁ ነው፤ ቅንፉ ከ2 በኋላ ከተዘጋ አንድ አምስተኛ የነበረው ሦስት ተኩል ይሆናል። ትእዛዙን ደጋግሞ ያነበበ ሰው እንኳ ይህ ሊያመልጠው ይችላል፤ የተቀናበረውን ቀመር ያየ ግን ወዲያው ይይዘዋል፣ ያውም ሐሳቡ ገና ከአእምሮው ሳይወጣ።

የላቴክ ፈጣሪ ሌስሊ ላምፖርት ጸሐፊው ስለ ይዘቱ እንጂ ስለ መልኩ እንዳይጨነቅ ፈልገዋል፤ ቅድመ እይታውን የሚቃወሙም ይህንኑ ያነሳሉ። ስለ ኅዳግና ስለ ፊደል መጠን ከሆነ እውነታቸውን ነው። በሒሳብ ግን ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ራሱ ይዘት ነው። ደግሞም በፕሪቪው-ላቴክ ጠቋሚው ቀመሩ ውስጥ ሲገባ ትእዛዙ ተመልሶ ስለሚገለጥ ሥዕሉ አርትዖቱን አያውክም።

የሚከብደው ተቃውሞ የታማኝነት ጥያቄ ነው። ላቴክ ዎርክሾፕ ለፍጥነት ሲል ቀመሩን በራሱ በላቴክ ሳይሆን በሌላ ቀመር ማሳያ በማትጃክስ ስለሚያሳይ፣ በአንዳንድ የላቴክ ጥቅሎች የተሠራ ትክክለኛ ቀመር ተበላሽቶ ሊታይ ይችላል። ፕሪቪው-ላቴክ የሚያስሮጠው ራሱን ላቴክን ነው፤ ጥቂት ያስጠብቃል፣ የጸሐፊውን ትእዛዞች ግን ያውቃል። ለረጅም የመመረቂያ ጽሑፍ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የገጽ አከፋፈሉ ግን በዚህም አይታይምና ሙሉው ሰነድ ከማስረከብ በፊት ተቀናብሮ መነበብ አለበት።