ከሳሎኑ ቱቦ በፊት የኩሽናው ጭስ መውጫ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ልመልሰው ወደድኩ። ጠያቂው ደብረ ታቦር ላይ ቤት እያሠራ ያለ ወንድማችን ነው። ውጭ አገር ያለች እህቱ "ግድግዳው ሳይለሰን ሴንትራል ቫኪዩም አስገባበት፤ ለእማዬ አስም ጥሩ ነው" ብላዋለች። እሱ ደግሞ "ዶክተር፣ እውነት ለጤና ይጠቅማል ወይስ ብር ማባከን ነው?" ይላል።

አጭሩ መልሴ ይኼ ነው፦ ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ተራው ግን ገና ነው። በአንድ ደጋ ከተማ አዲስ ቤት ውስጥ መጀመሪያ መገባት ያለበት ቱቦ የሳሎን አቧራ የሚስበው ሳይሆን የኩሽና ጭስ የሚያወጣው ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር ላስረዳ።

ሴንትራል ቫኪዩም ምንድን ነው?

ወናፍ ታውቃላችሁ አይደል? ወናፍ አየር ይገፋል፤ ቫኪዩም ደግሞ ይስባል። ተራው ቫኪዩም ክሊነር ከነሞተሩ ክፍል ለክፍል የሚጎተት ነው። ሴንትራል የሚባለው ግን ሞተሩና የአቧራ ማጠራቀሚያው ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ይቀመጡና ከእነሱ የሚነሳ የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ወደየክፍሉ ይዘረጋል። ግድግዳው ላይ እንደ መብራት ሶኬት ያለ ቀዳዳ ይኖራል፤ ረጅሙን ጎማ እዚያ ሰክታችሁ ትጠርጋላችሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ኢንጂነር ሁበርት ሴሲል ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው የመጀመሪያው ማሽን በጣም ትልቅ ስለነበር በፈረስ እየተጎተተ ደጅ ይቆምና ጎማው ብቻ በመስኮት ወደ ቤት ይገባ ነበር። ማለትም አቧራው ከቤት እንዲወጣ እንጂ ቤት ውስጥ እንዳይዞር ታስቦ ነበር። ከጤና አንጻር የሴንትራሉ ጥቅምም ይኸው ነው። ጥሩ ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ቫኪዩም ትልቁን አቧራ ይይዝና ደቃቁን በኋላው መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል። ሴንትራሉ ግን፣ መተንፈሻው ወደ ውጭ ከተሠራ፣ ያንን ደቃቅ አቧራ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ እህትየው ያለችው ከመሬት ተነስታ አይደለም። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት፣ ወለሉ ምንጣፍ ከሆነ፣ ይረዳል። ግን ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቫኪዩም የሚሠራው በአየር ነውና፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሳብ ጉልበት እዚህ ስትደርሱ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ዝም ብሎ ቱቦ ነው። ሦስተኛ፣ ሲበላሽ መለዋወጫውን ከየት ታመጣላችሁ? እነዚህ ሁሉ ግን የገንዘብ ጉዳዮች ናቸው። የእኔ ትልቁ ነጥብ የሳንባ ነው።

አቧራና ጭስ አንድ አይደሉም

ቫኪዩም የሚያነሳው ወለል ላይ ያረፈውን አቧራ ነው። መሬት ላይ ቶሎ የሚያርፍ አቧራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አብዛኛውን ይይዘዋል። ያስነጥሳል፣ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

የእንጨትና የኩበት ጭስ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጭስ ውስጥ ካሉት ብናኞች አብዛኞቹ ከ2.5 ማይክሮን ያነሱ ናቸው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ነው ብላችሁ ብታስቡ፣ ትልቁ የጭስ ብናኝ የፀጉር ሠላሳኛ ያህል ነው ማለት ነው። ይኼ አፍንጫ አይዘውም። እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል። አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ መሬት አያርፍም። በምንም ዓይነት ቫኪዩም ጠርጋችሁ አትጨርሱትም። መፍትሔው አንድ ነው፦ ከመጀመሪያው ቤት ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ምክንያቱ በአብዛኛው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ላምባ ነው።

ሳሎኑ ለእንግዳ፣ ጭሱ ለማን?

እስቲ በከተሞቻችን የሚሠሩትን አዳዲስ ቤቶች ልብ ብላችሁ እዩ። ፊት ለፊት ሴራሚክ የተነጠፈበት ሳሎን፣ ትልቅ ሶፋ፣ ሰፊ መስኮት። ዞር ብላችሁ ጓሮ ስትገቡ ደግሞ በቆርቆሮ የተከበበች፣ መስኮት የሌላት፣ ግድግዳዋ በጥላሸት የጠቆረ ኩሽና አለች። እዚያ ውስጥ ማን አለ? እናት አለች። ሚስት አለች። ከገጠር የመጣች የ15 ዓመት ሠራተኛ አለች። አንዳንዴም ጀርባዋ ላይ የታዘለ ሕፃን አለ።

ቤቱን ያሠራው አባወራ ያቺን ኩሽና በዓመት ስንት ጊዜ ይገባባታል?

ለረጅም ጊዜ የሚያስላት፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት እናት ስትመጣ ሐኪም ከሚጠይቀው አንዱ "ሲጋራ አጭሰሽ ታውቂያለሽ?" የሚል ነው። "ኧረ ዶክተር፣ በማርያም! እኔ ደግሞ ሲጋራ?" ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ጭስ ስትስብ ኖራለች። ሳንባዋ ደግሞ ጭሱ ከሲጋራ ይምጣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል አይለይም። ሲኦፒዲ የምንለው የሳንባ መተንፈሻ መጥበብ በሽታ፣ የዓይን ሞራ፣ የልብ በሽታና ስትሮክ፣ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት መወለድ፣ የሕፃናት የሳንባ ምች፣ ሁሉም ከዚህ ጭስ ጋር ይያያዛሉ።

ደጋ ላይ ደግሞ ሌላም አለ። አየሩ ሳሳ ስላለ የኦክስጅን መጠባበቂያችን ጠባብ ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በደብረ ታቦር፣ በጉና ሥር ወይም በጋይንት ከቆላው ሕፃን ቀድሞ ኦክስጅን ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ ጭስ መቀነስ ለእኛ ከሌላው የበለጠ አንገብጋቢ ነው።

"ጉልቻ ቢለዋወጥ…"

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ለሳንባስ? ይኼ በጥናት የተፈተሸ ጥያቄ ነው።

በምዕራብ ጓቲማላ ደጋ፣ እንደ እኛ አገር ብርድ ባለበት ቦታ፣ 534 ቤተሰቦች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ምድጃ ተሠራላቸው፤ ሌሎቹ በክፍት እሳት ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት ላይ የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሕፃናቱ የሚተነፍሱት ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ቀነሰ። አጠቃላይ የሳንባ ምች ላይ የታየው ቅናሽ በእርግጠኝነት የሚያስደፍር አልነበረም። ከባዱ የሳንባ ምች ግን በሲሶ ያህል ቀነሰ። ሲሶ ቀላል አይደለም፤ ሕፃን የሚገድለው ከባዱ ነውና።

በሌላ በኩል ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር። እዚያ የታደለው እንጨቱን በተሻለ የሚያነድ ግን ጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ ነበር። የሳንባ ምች አልቀነሰም። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሕፃናቱ ከሌላም ቦታ፣ ለምሳሌ ከሚቃጠል ቆሻሻ፣ ጭስ መሳባቸው ነው።

እኔ ከሁለቱ የምወስደው ትምህርት ይኼን ነው፦ ምድጃ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ጭሱ መውጫ ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሰራጨው ምርጥ ምድጃ እንጨት በብዙ ይቆጥባል፤ በጣም እመክረዋለሁ። ግን ምርጥ ምድጃ ገዝቶ መስኮት በሌለው ኩሽና ውስጥ ማስቀመጥ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

የምሰማቸው መከራከሪያዎች

"ዶክተር፣ ብርዱስ? ቀዳዳ ከተበጀ ሙቀቱ ይወጣል።" ልክ ነው፣ ደጋ ነን። ግን ጭስ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ከምድጃው በላይ ከፍ ያለ መውጫ መሥራት ሰው የተቀመጠበትን ቦታ ብዙ አያቀዘቅዘውም።

"ጭስ እኮ ጣራውን ከምስጥ ይጠብቃል።" ለሳር ቤት እውነትነት ያለው ነገር ነው፤ አባቶቻችን ዝም ብለው አልተናገሩም። በቆርቆሮና በብሎኬት ቤት ግን ምስጡ ምን ይበላል?

"እኛ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምንጋግረው።" ጎሽ! ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ግን መብራት በጠፋ ቀን ሊጡ አይጠብቅም፤ እንጨቱ ይወጣል። ስለዚህ መውጫው እዚያም ያስፈልጋል።

"ከሰል አይጨስም፣ እሱን እናስገባለን።" ይኼ ከሁሉም አደገኛው ነው! የፋመ ከሰል ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። በብርድ ሌሊት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አስገብቶ መተኛት ሙሉ ቤተሰብ ሳይነቃ እንዲቀር ያደርጋል። እባካችሁ!

ታዲያ ምን እናድርግ?

ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፦

👉 ፕላኑ ላይ ኩሽናውን ከሳሎኑ እኩል ቁጠሩት። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ይኑሩት።
👉 ከምድጃው በላይ ጭስ መሰብሰቢያና ከጣራው ጫፍ በላይ የሚያልፍ ቱቦ አስገቡ፤ ዝናብ እንዳይገባ ክዳን ይኑረው።
👉 ቱቦው የብረት ወይም የሲሚንቶ ይሁን። የቫኪዩም ወይም የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ለጭስ በፍጹም አይሆንም፤ ይቀልጣል፣ ይነዳል። ከእንጨትና ከሳርም ይራቅ። ጥላሸቱን በየጊዜው አስጠርጉ።

ቤታችሁ የተሠራ ወይም የኪራይ የሆነ፦

👉 ስትጋግሩ በርና መስኮት ክፈቱ፤ የደረቀ እንጨት ብቻ ተጠቀሙ፣ እርጥቡ ብዙ ይጨሳል።
👉 ሕፃን አዝሎ መጋገር ይቅር። ሌላ ሰው ይያዝላት፤ አባትም ቢሆን እጁ አይሰበርም።
👉 ፕላስቲክና ፌስታል ለማቀጣጠያ አትጠቀሙ።

ለአቧራው፦

👉 በደረቅ መጥረጊያ አቧራውን አታስነሱት። እናቶቻችን ውሃ አርከፍክፈው የሚጠርጉት ትክክል ነው። ሲሚንቶና ሴራሚክ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።
👉 አስም ካለ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ አታንጥፉ። ምንጣፍ ከሌለ ብዙ የሚሳብ አቧራም የለም።
👉 አጎዛውን፣ ባናውን፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡና ከቤት ርቃችሁ አራግፉ። አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።
👉 አስም ያለበት ሰው ሲጠረግ ክፍሉ ውስጥ አይቆይ። የታዘዘለትን የሚነፋ መድኃኒት ደግሞ ምንም ዓይነት ማሽን አይተካውም።

ይኼ ሁሉ ተሠርቶ ገንዘብ ከተረፈ፣ ሴንትራል ቫኪዩሙን አስገቡ፤ አልቃወምም። መተንፈሻው ወደ ውጭ ይሁን፣ ግን ወደ ኩሽናው መስኮት ወይም ወደ ጎረቤት አይዙር። ማጠራቀሚያውን የምታራግፈዋን ልጅ ማስክ ስጧት።

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለችን። ስሟን በሰማሁ ቁጥር እያንዳንዱ ኩሽና አንዳንድ ነፋስ መውጫ ቢኖረው ብዬ እመኛለሁ። እንጀራ እየበላን ጋጋሪዋ የምትተነፍሰውን አለማሰብ ይብቃን። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ቤት እያሠራ ላለ ዘመድ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!