አዲስ አበባ–ዋሽንግተን፦ መንገዱ አንድ፣ ዋጋው ሁለት

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሄዱም ሲመለሱም ርቀቱ ያው ነው። ሰዓቱ ግን ይለያያል። ከዋሽንግተን የተነሣ አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ በርሮ፣ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሣው ግን ባለፉት ዓመታት አንዴ ሮም፣ አንዴ ደብሊን፣ አንዴም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ጉዞውም በሦስት ሰዓት ያህል ይረዝማል። ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ ይሏል ይህ ነው።

ወደ ምዕራብ ሲበሩ ፊት ለፊት የሚገጥመው ነፋስ ጉዞውን ማርዘሙ አይካድም። በየመንገዱ የማረፉ ዋና ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ወይ ነዳጅ ወይ ጭነት።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከጓንጁ ዕቃ የሚያስመጣው ሰው ጭነቱ የሚነሣው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ከማይል ሜዳ ነው። ከቦሌ የሚልከው ግን ከተራራ ላይ ነው። ጅዳ ለሚላክ ሥጋ ብዙ ነዳጅ ስለማያስፈልግ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ገበያው በራቀ መጠን ግን ነዳጁ የጭነቱን ቦታ ይሻማል። ከፍታው የማይታይ ቀረጥ ነው፤ ከፋዩም በአብዛኛው ላኪው ነው።

በ2018 ዓ.ም. ግንባታው ስለተጀመረው የቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያ በገበያው የሚወራው ስለ መሬት ዋጋና ከከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ መራቁ ነው። የቦሌ ሆቴልና የሕንፃ ባለቤቶች ሥጋት ይገባናል። ይሁን እንጂ ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ለላኪው ከመሬት ወሬ ይበልጣል። በመኪና የምንጨምረውን ደቂቃ በአየር በሰዓትና በኪሎ ልናስመልሰው እንችላለን።

እንችላለን እንጂ እናስመልሳለን አላልንም። ቀዝቃዛ መጋዘኑ ቦሌ፣ የጉምሩክ ፊርማው መሐል ከተማ፣ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ ከሆነ ከከፍታው ያተረፍነውን መንገድ ላይ እንጥለዋለን። ስለዚህ ባለ ገንዘቦች ከመሬቱ በፊት መጋዘኑን፣ ላኪዎችም ከምርቃቱ በፊት የጉምሩኩን አሠራር ይጠይቁ። ማኮብኮቢያው ካለቀ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም።