ስለ ልጆች እግር ያለኝ አሳብ

ስለ እግር መጻፍ ለትምህርት ቤት መጽሔት የማይገባ ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔን ግን ባለፈው ክረምት በቤታችን የሆነው ነገር ብዕሬን እንዳነሣ ግድ ብሎኛል።

የ4 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ታጥቦ በሲሚንቶው ላይ ሲራመድ፥ እርጥቡ እግሩ የተወው ምልክት ከመካከሉ ያልጎደለ፥ ሙሉ ነበር። እናቴ ይህን አይታ «ልጄ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ሲያድግ መሮጥም አይችል» ብላ እጅግ አዘነች። ልዩ ጫማ ልትገዛለትም ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረች።

የሳይንስ መምህራችንን ብጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። የሕፃን እግር ከሥሩ ስብ ስላለበት፥ ጅማቱም ገና ስላልጠነከረ ጠፍጣፋ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው፤ የብዙዎቹም 10 ዓመት ሳይሞላቸው ጎድጎድ ይላል። ልጁ በጣቶቹ ጫፍ ሲቆም ጎድጓዳው ከታየ፥ ሕመምም ከሌለው ልዩ ጫማ አያሻውም። እግሩ የደረቀ ወይም የሚያመው እንደ ሆነ ግን ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ወንድሜን በጣቶቹ ጫፍ አቆምሁት፤ ጎድጓዳው ታየ።

ይሁን እንጂ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። እኛ ለማያሰጋው ነገር ስንጨነቅ ልጁ በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው አገራችን በዝሆኔ በሽታ ብዙ የተጎዳ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ መርምረው እንደ ገለጡት፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው የደጋ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚሄድበትን ሥር ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላም እግር ያብጣል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከሌላው ይልቅ በዘር የሚጋለጥ ሰው መኖሩ በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ታውቋል፤ ቢሆንም እግሩን ከአፈሩ የጠበቀ ሰው ከበሽታው ይድናል። በአገራችን የታማሚው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ይገመታል።

ከነዚህም አንዷ አክስቴ ናት። ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው ሰው ሳይነሣ፥ ገና በሌሊት ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለምን?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ያሸነፈው ግን ጫማ አድርጎ ነው። በባዶ እግር መሄድ የልጅን እግር እንደሚያጠነክር አልክድም፤ የእኛ አፈር ግን ይህን አይፈቅድልንም። ስለዚህ ጫማው ጣትን የማያጨንቅ፥ ለስላሳና ድፍን ይሁን፤ ማታም እግር በሳሙና ይታጠብ። ብዙ ወላጆች ጫማውን ለእሑድና ለበዓል ያስቀምጡታል። ፈረሰኞች አይቀየሙኝና፥ ለጥር 23 በዓል ፈረስ ለማስጌጥ የማንሰስተውን ገንዘብ ለልጅ ጫማ ስንሰስት አያለሁ።

እናቴ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለሁለት ጥንድ ተራ ጫማና ለሳሙና እንድታውለው ለመንኋት፤ እሺ አለች። አንዱን ለወንድሜ ገዛን። ሁለተኛውን ለአክስቴ ልንገዛ ገበያውን ብንዞር ግን በእግሯ ልክ የሚሆን አጣን።