ሥዕል መስታወት ስለገባለት ብቻ አይድንም

በየትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ አለ። ጥሩ ሥዕል ሲገኝ መስታወት ይገባለታል፣ ምስማር ይመታለታል፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ውሎ አድሮ ሥዕሉ ደብዝዞ ወይም ሻግቶ ሲገኝ «መስታወት ነበረው እኮ!» ይባላል። እኛ ግን ጥፋቱ ከአሠራሩ ነው እንላለን።

መስታወት አቧራን፣ ጭስንና የልጆችን እጅ ይከላከላል። ፀሐይን ግን አይከለክልም፤ ቀለም የሚያደበዝዘውን ብርሃን አብዛኛውን ያሳልፋል። እርጥበትንም አያስቀርም። እንዲያውም በክረምት ሌሊቱ ሲበርድ መስታወቱ በውስጥ በኩል ላብ ይይዛል። ሥዕሉ መስታወቱን ነክቶ ከተቀመጠ ቀለሙ ይጣበቅና ሊያላቅቁት ሲሉ ተልጦ ይቀራል።

መላው ከባድ አይደለም። በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል ዙሪያውን የወፍራም ነጭ ካርቶን ጠርዝ ይግባ፤ 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ከክፈፉ ጀርባ ሁለት ቁራጭ ቡሽ ይለጠፍና ከግድግዳው ይራቅ። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይም አይሰቀል። በውሃ ቀለም ወይም በእርሳስ የተሠራ ሥዕል መስታወት ይሻል፤ የዘይት ቀለም ግን የግድ አያስፈልገውም።

ለመሆኑ አባቶቻችን ያለ መስታወት በምን ጠበቁ? በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈናል። ተከፋች የእንጨት ሥዕሎችም በር አላቸው፤ ጸሎቱ ሲያበቃ ይዘጋሉ። መጋረጃው ለክብር ቢሆንም ቀለሙን ከብርሃንና ከአቧራ አድኖታል። በጣና፣ በደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ሥዕል እስከ ዛሬ ይታያል። ነገሩ ከመስታወቱ ይልቅ ከጠባቂው ነው ማለት ነው።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳይ አለ። በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ነቅሎ፣ በምትካቸው ቅጂ አኑሮ ሄደ። ዋነኞቹ ዛሬ ያሉት ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። «እናንተ አትጠብቁትም» ለሚል ሰው ደግሞ ክርክር ብቻ አይበቃውም፤ ጠብቆ ማሳየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ሥዕል መሣል ብቻ ሳይሆን ክፈፍ መሥራትም ይሰጥ። ዕጩ መምህሩ ነገ ገጠር ሲመደብ መጋዝ፣ ካርቶንና ሙጫ አያጣም። ተማሪው የሣላትን ሥዕል ከዓመት ዓመት ደህና ሆና ሲያያት ሥራው ዋጋ እንዳለው ይገባዋል። መምህራንም ሆናችሁ ሠልጣኞች፣ ይታሰብበት!