የሚታጠበው ፊልትሮ በርግጥ ይረክሳል?

«አንዴ ግዛ፣ ዕድሜ ልክህን እያጠብክ ተጠቀም።» መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ለሚታጠበው የአየር ፊልትሮ የሚያቀርቡት ክርክር ባጭሩ ይኸው ነው። ለጆሮ ይጥማል። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እየገዙ መጣል የሞኝ ሥራ ቢመስል አይገርምም። እኔም ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና እጄ ወደ ካልኩሌተር ሄደ። ስሌቱ ግን ሻጩ ያቆመበት ቦታ ላይ አያልቅም።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንለይ። መኪናዎች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ሲቆሽሽ አውጥቶ መጣል ነው። ሌላው በዘይት የራሰ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ኬ ኤንድ ኤን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ያስታወቀው ዓይነት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ኩባንያው የ10 ዓመት ወይም የአንድ ሚሊዮን ማይል ዋስትና እሰጣለሁ ይላል። ሐሳቡ ለኛ አገር አዲስ አይደለም፤ የድሮዋ ቮልስም አቧራዋን የምታስቀረው ዘይት ባለበት ጣሳ ነበር፣ ዘይቱ ሲጠቁር ይደፋና ሌላ ይሞላል።

አሁን ሒሳቡ። እንበልና የሚታጠበው ከወረቀቱ 8 እጥፍ ይወደዳል፣ ወረቀቱ ደግሞ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። (ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።) ከቤት ቢሮ በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ወጪውን ለመመለስ ስድስት ዓመት ተኩል ያልፈዋል፤ ማጠቢያውንና ዘይቱን ሳንቆጥር፣ የዋጋ ግሽበቱንም ረስተን ማለት ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ የራይድ ሾፌር ግን 45 ሺህ ይነዳል። እሱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ገንዘቡን ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ሻጩ ልክ ነው፤ ብዙ ለሚነዳ ሰው የሚታጠበው ይረክሳል።

ታዲያ ምን ቀረ? አቧራው ቀረ።

አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ሞተር ወደ 10 ሺህ ሊትር አየር ይስባል። የፊልትሮ ሥራ ከዚያ አየር ውስጥ አሸዋ መሰል ብናኙን ማስቀረት ነው፤ ያመለጠው ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አይሶ 5011 የሚባል የፊልትሮ መፈተኛ ደረጃ አለ፤ የታወቀ መጠን አቧራ እየተነፋ ምን ያህሉ እንዳመለጠ ይመዘናል። አሜሪካ ውስጥ ለዱራማክስ የናፍጣ ሞተር የሚሆኑ ፊልትሮዎች በዚህ መንገድ ሲፈተኑ፣ ወረቀቱ ኤ ሲ ዴልኮ 99.93 በመቶውን ሲያስቀር ኬ ኤንድ ኤን 96.8 በመቶ አስቀርቷል። ሁለቱም ፈተና ላይ «ኤ» የሚያሰጡ ቁጥሮች ይመስላሉ፤ ግን ሞተሩን የሚጎዳው ያመለጠው እንጂ የቀረው አይደለም። ከአንድ ኪሎ አቧራ ወረቀቱ 0.7 ግራም ያሳልፋል፣ ጥጡ 32 ግራም። ልዩነቱ 45 እጥፍ ገደማ ነው። በርግጥ አንድ ሙከራ፣ ለአንድ ዓይነት ሞተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቪትዝና ኮሮላ ቁጥሩ ይኸው ነው አልልም። ጥጥ አየር በቀላሉ የሚያሳልፈው ግን ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል ነው፣ ሰፋ ባለ ቀዳዳ ደግሞ አቧራም ያልፋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ስሌቱ የሚታጠበውን የሚመርጠው ብዙ ለሚነዳ ሰው ነው አልን። ብዙ የሚነዳው ሰው ግን ብዙ አቧራ የሚስበው ነው። መንገድ በሚቆፈርባት፣ ሕንፃ በሚፈርስባትና በሚሠራባት ከተማ ቀኑን ሙሉ የሚዞረው እሱ ነው። ለፊልትሮ ያተረፋትን ብር ሞተር ለማስወረድ ከሚያወጣው ጋር ያስተያያት።

«ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለውም አለ። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በኮምፒውተር ነዳጅ በሚረጭ ዘመናዊ መኪና ላይ የተደፈነ ፊልትሮ እንኳ የነዳጅ ፍጆታውን እንዳልለወጠው ታይቷል። መኪናው ሲፈጥን ይዘገያል እንጂ ነዳጅ አይበላም፤ ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ ነዳጁን ይቀንሳልና። የሚጎዱት ካርቡራተር ያላቸው አሮጌዎቹ ናቸው። የተደፈነው ካልጎዳ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው በምን ተአምር ይቆጥባል? ጉልበት ይጨምራል የሚሉም ያው ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት ብቻ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። እሱን ፊልትሮ አይመልሰውም።

እጥበቱስ? በካታሎግ ላይ ቀላል ነው። ማጠቢያው ራሱን የቻለ ኬሚካል ነው፣ ዘይቱም ልዩ ነው፣ ሁለቱም በዶላር ይገባሉ። እኛ ጋ ግን ኦሞ፣ ውኃ፣ ከዚያ ኮምፕሬሰር። ጥጡን በኮምፕሬሰር መንፋት አምራቹ ራሱ የሚከለክለው ነው። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያልፋል፤ ከበዛ ደግሞ አየር የሚለካውን ሴንሰር ሊያቆሽሽ ይችላል ብለው የሚያስጠነቅቁ መካኒኮች አሉ፣ አምራቹ ግን አይቀበለውም። ጨርቁ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ደግሞ መኪናው ይቆማል። ለራይድ ሾፌር የቆመ ግማሽ ቀን ማለት የታጣ ገቢ ነው፤ መምህሮቻችን የዕድል ወጪ የሚሉት። ሁለት ገዝቶ ማፈራረቅ ይቻላል፣ ያኔ ግን 8 እጥፍ የነበረው 16 ሆነ።

ወረቀቱም እኮ ንጹሕ አይደለም፤ ማለቴ ገበያው። ኦሪጅናል የሚል ካርቶን ውስጥ ስስ ወረቀት ታሽጎ ይሸጣል፣ ገዢው በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ገዢው ጥራትን መለየት ሲያቅተው ለጥሩው ተገቢውን ዋጋ አይከፍልም፣ ጥሩው ከገበያ ይወጣል። የማጣራት አቅሙ በመቶኛ ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ቢገደድና አልፎ አልፎ እየተወሰደ ቢፈተሽ፣ ነገሩ ግማሽ ይቃለል ነበር። እስከዚያ ድረስ የወረቀቱን እጥፋቶች ቁጠሩ፣ የላስቲክ ጠርዙ ሳጥኑ ላይ ገጥሞ መቀመጡን እዩ። በጠርዝ በኩል አየር ከገባ፣ የትኛውም ፊልትሮ ዋጋ የለውም። የቆሸሸውንም በየሳምንቱ እያስነፉ ዓመት ማስቆጠር ይቅር፤ ኃይለኛ አየር ወረቀቱን ይበሳዋል።

ጉዳዩ ከፊልትሮ የሚያልፈው ለዚህ ነው፦ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለን ሞተር የሚተካ የለውም። ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከቤት ቀጥሎ ያለ ሀብት ነው፤ ዘይት መብላት የጀመረ ሞተር ደግሞ ያን ሀብት በጭስ ያወጣዋል። በሚኒባስ ታክሲ ላይ ችግሩ ይብሳል። ሾፌሩ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ጥቃቅን ወጪ ከኪሱ ይሸፍናል፣ ሞተሩ ሲወርድ ግን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ሾፌሩ ርካሹን ቢገዛ ወይም ያለውን እያስነፋ ቢከርም አልፈርድበትም፤ ውሉ ነው እንዲያ የሚያደርገው።

ስለዚህ ለባለንብረቶች የምለው፦ የአየር ፊልትሮውን ከሾፌሩ ኪስ አውጡት። ደህናውን ወረቀት ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጡ፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሳጥኑ ተከፍቶ ይታይ፣ ሾፌሩም አዲሱን ሲወስድ አሮጌውን ያስረክብ።